ፊኛው ለምን ቶሎ ወረደ? ሂሊየም፣ አየርና የከተማችን ከፍታ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሚከበር ልደት አርብ ማታ የተሞሉ የሂሊየም ፊኛዎች በማግስቱ ረፋድ ላይ ኮርኒሱን ለቀው በክፍሉ መካከል ተንጠልጥለው ይገኛሉ። እንግዶች ተሰብስበው ኬኩ ሊቆረስ ሲል ደግሞ ከፊሎቹ ወለሉ ላይ ደርሰው፣ ሪባናቸውን እየጎተቱ በሰው እግር መሃል ይንከባለላሉ። የልጁ እናት ገንዘቧ እንደተበላ ትቆጥራለች፤ ፊኛውን የሞላው ሰው ደግሞ ሥራውን በትክክል እንደሠራ ይምላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ፊኛ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ሲነፋ ነው። ምን ዓይነት ጋዝ እንደገባበት፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራና ከባሕር ጠለል ምን ያህል ከፍ ባለ ከተማ እንደተነፋ የሚያውቅ ሰው፣ መቼ እንደሚወርድ አስቀድሞ መናገር ይችላል። ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ሂሊየም ውድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ውድነቱን ለማምለጥ ሲባል በአንዳንድ አገሮች ፊኛ ውስጥ የሚገባው ጋዝ ልጆች አጠገብ ፈጽሞ መድረስ የማይገባው በመሆኑም ጭምር ነው።

የሂሊየም ፊኛ ወደ ላይ የሚወጣው ጋዙ በራሱ የመብረር ባሕርይ ስላለው አይደለም። ፊኛው የያዘውን ቦታ አየር ቢይዘው ኖሮ የሚኖረው ክብደት ከፊኛው ክብደት ስለሚበልጥ፣ በዙሪያው ያለው አየር ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል፤ ዘይት በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። በባሕር ጠለል ላይ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ሂሊየም ግን 0.17 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ሂሊየም ማንሣት የሚችለው አንድ ግራም ያህል ብቻ ነው። የተለመደው የጎማ ፊኛ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ሲነፋ 14 ሊትር ያህል ስለሚይዝ 14 ግራም ገደማ የማንሣት ጉልበት ይኖረዋል። ከዚህ ላይ ጎማው 3 ግራም፣ ሪባኑ 1 ግራም ያህል ሲወስዱ 10 ግራም ይተርፋል፤ ይህም ከሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አይበልጥም።

ይህ ስሌት ግን ለጅቡቲ፣ ለዱባይ ወይም ለቴል አቪቭ የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እዚህ አንድ ሊትር አየር የሚመዝነው 0.9 ግራም ያህል ሲሆን፣ ያው 30 ሴንቲ ሜትር የሆነው ፊኛ የሚያነሣው 11 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ጎማውና ሪባኑ ሲቀነሱም የሚተርፈው ከ10 ወደ 7 ግራም ይወርዳል። በ23 ሴንቲ ሜትር ፊኛ ጉዳዩ ይብሳል። የሚይዘው 6 ሊትር ተኩል ያህል ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ 5 ግራም ያነሣል፤ የራሱ ክብደትና የሪባኑ ክብደት 3 ግራም ያህል ከወሰዱበት በኋላ በቀረው 2 ግራም ጥቂት ሰዓታት ታግሎ ይወርዳል። በውጭ አገር ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን የቆይታ ሰዓት እንዳለ ለደንበኛ የሚናገር ሻጭ ሳያውቀው ቃሉን የሚያጥፈው በዚህ የተነሣ ነው።

የዚህ ነገር ሌላኛው ገጽ ደግሞ ሲሊንደሩ ነው። በሲሊንደር ውስጥ የታመቀው ሂሊየም ስስ አየር ወዳለበት ቦታ ሲለቀቅ ይበልጥ ይስፋፋል። በባሕር ጠለል ላይ 100 ፊኛ ይሞላል የተባለ ሲሊንደር አዲስ አበባ ውስጥ በዚያው መጠን የተነፉ 130 ያህል ፊኛዎች ሊሞላ ይችላል። ሞዪው ሠላሳ ፊኛ ያተረፈ ቢመስለውም፣ የሁሉም ፊኛዎች የማንሣት ጉልበት ቢደመር ከመቶዎቹ አይበልጥም፤ ያው ሂሊየም ለብዙ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ፊኛ ደካማ ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ በደጋ ከተማ የሚሠራ ሰው ትርፍ የመሰለውን ጋዝ በፊኛዎቹ ትልቅነት ላይ ቢያውለው ይሻላል። ትልቅ ፊኛ ከሚይዘው ጋዝ አንጻር የቆዳው ስፋት አነስተኛ ስለሆነ የሚያመልጥበት መንገድም በዚያው ልክ ይጠባል፤ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፊኛ ትንሹ ፊኛ በወረደ በቀናት ልዩነት እየተንሳፈፈ የሚገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። ብዙ ሰው ጋዙ በቋጠሮው በኩል የሚወጣ ስለሚመስለው ክሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ይቋጥራል። ቋጠሮው በደንብ ከታሰረ ግን ጋዙ የሚያመልጠው በጎማው በራሱ ውስጥ ነው። የፊኛው ጎማ የሚሠራው ከጎማ ዛፍ ወተት ሲሆን፣ ረጃጅም የጎማ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው የተጠላለፉበት ልል ቁስ ነው። ጋዙ ከውስጥ በኩል ጎማው ውስጥ ይሟሟል፣ በሞለኪውሎቹ መካከል እየተሹለከለከ ያልፋል፣ ከውጭ በኩልም ይወጣል። ሂሊየም በተፈጥሮ ጎማ ውስጥ ከናይትሮጂን በሦስትና በአራት እጥፍ ፈጥኖ ያልፋል። ምክንያቱ የአቶሙ ትንሽነት ብቻ ነው የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ግን ሙሉ አይደለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሂሊየም እጅግ የሚከብድና የሚተልቅ ሞለኪውል ሆኖ ሳለ፣ ጎማ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ ከሂሊየምም ፈጥኖ ያመልጣል።

ከዚህ ይበልጥ ወሳኝ የሆነ፣ ብዙም የማይነገር ሌላ ምክንያት አለ። ማንኛውም ጋዝ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው በሁለቱ ወገን ያለው የራሱ ግፊት እስኪስተካከል ነው። ከፊኛው ውጭ ባለው አየር ውስጥ ያለው ሂሊየም ከሚሊዮን አምስት ክፍል ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፊኛው የቱንም ያህል ልል ሆኖ ቢሞላ ሂሊየሙን ወደ ውጭ የሚገፋው ሙሉው ግፊት ነው። አየር የተነፋበት ፊኛ ግን ውስጡም ውጭውም ያው ናይትሮጂንና ኦክሲጅን ነው፤ አየሩን የሚገፋው ተለጥጦ የተወጠረው ጎማ የሚፈጥረው አነስተኛ ትርፍ ግፊት ብቻ ነው። የሂሊየም ፊኛ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ተንሳፍፎ ሲወርድ፣ ከዚያው ፓኬት የወጣና በፓምፕ አየር የተነፋ ወንድሙ ቤት ውስጥ ከሳምንት በላይ ቅርጹን ይዞ የሚቆየው በእነዚህ በሁለቱ ምክንያቶች ድምር ነው።

በአፍ የተነፋ ፊኛ በፓምፕ ከተነፋው ቀድሞ እንደሚለግም ያስተዋለ ሰው ትክክል ነው። ከሳንባ የሚወጣው ትንፋሽ 37 ዲግሪ ገደማ ካለው ሰውነት የመጣ ሙቅ ነው፤ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲወርድ በመጠኑ ይኮማተራል። ከ100 እጅ 4 እጅ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ያም ቶሎ ሾልኮ ይወጣል። የተረፈው እርጥበት ደግሞ ወደ ውሃነት ተለውጦ በፊኛው ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ጤዛ ይቋጠራል፤ ጥርት ያለ ቀለም የሌለው ፊኛ በአፉ ነፍቶ ጥቂት ቆይቶ በብርሃን ፊት የያዘው ሰው ጠብታዎቹን በዓይኑ ያያቸዋል።

ፊኛ የሚለው ስም በአማርኛ አስቀድሞ የሽንት ከረጢት ስም መሆኑ እዚህ ላይ መታወስ አለበት። በልጅነቴ በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ታላላቆቻችን ፊኛውን አጥበው በባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ይነፉትና አፉን በክር አስረው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉልን ነበር፤ ደርቆ ሲንኳኳ እንደ ከበሮ ድምፅ ይሰጣል። የጎማ ፊኛ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ማይክል ፋራዳይ ለንደን ውስጥ በሃይድሮጂን ላይ ለሚያደርገው ሙከራ ሁለት የጎማ ቅጠሎችን አነባብሮ፣ ከውስጥ እንዳይጣበቁ ዱቄት ነስንሶ፣ ጠርዛቸውን በመጫን አጣብቆ የመጀመሪያውን ሠራ።

የጎማውን መንገድ ለመዝጋት ሙያተኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። ሃይ-ፍሎት በሚባል ስም የሚሸጠው ወፍራም ፈሳሽ ከመሞላቱ በፊት በፊኛው ውስጥ ይደረግና በእጅ ታሽቶ ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ ከውስጥ በኩል ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ይሆናል። በዚህ የተለቀለቀ ፊኛ ከአንድ ቀን ይልቅ ብዙ ቀናት ሊንሳፈፍ ይችላል። ነገር ግን ፈሳሹ በደንብ መድረቅ ስላለበት በክረምት እርጥበት ወቅት ውጤቱ ይቀንሳል፤ የፈሳሹ ክብደትም ከዚያች ከምትተርፈው ጥቂት ግራም ላይ ስለሚቀነስ በደጋ ከተማ ለትንሽ ፊኛ አይመከርም።

የሚያብረቀርቀው የፎይል ፊኛ ጎማ አይደለም። በጣም ስስ በሆነ አሉሚኒየም የተለበጠ የፕላስቲክ ቅጠል ሲሆን፣ ሂሊየምን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አየርን ደግሞ ለወራት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከጎማ ይከብዳል፤ ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነው የተለመደው ክብ የፎይል ፊኛ በባሕር ዳርቻ በቂ ጉልበት ቢኖረውም አዲስ አበባ ላይ የሚተርፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ ረጅም ሪባን ወይም ተንጠልጣይ ካርድ ሊያስቀረው ይችላል። 40 ሴንቲ ሜትር የሆኑት የፊደልና የቁጥር ፎይሎች እንዲያውም በየትኛውም ከተማ እንዲንሳፈፉ የተሠሩ አይደሉም፤ አየር ተነፍቶባቸው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ናቸው። ሁለተኛ፣ ፎይል አይለጠጥም። ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው አዳማ ጢም ብሎ የተሞላ የፎይል ፊኛ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ውስጡ ያለው ጋዝ 8 በመቶ ያህል ይስፋፋል፤ ከድሬዳዋ የመጣ ከሆነ ጭማሪው 15 በመቶ ይደርሳል። መስፊያ ቦታ ያላገኘው ጋዝ የፊኛውን መጋጠሚያ ከፍቶ ይወጣል። ሽቅብ የሚጓዝ ፊኛ ትንሽ ጨምደድ እንዳለ ቢሞላ፣ ቁልቁል የሚጓዝ ደግሞ ሲደርስ የሚጨመርበት ጋዝ ቢያዝለት ከኪሳራ ይድናል።

ሙቀትም እንደዚያው ነው። ቀን 25 ዲግሪ ላይ የተሞላ ፊኛ ሌሊት 10 ዲግሪ ላይ ሲያድር 5 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ ሌሊቱን የተጨማደደ ፎይል ጠዋት ሲሞቅ የሚመለሰው ጋዙ ስላልጠፋ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ፊኛ ደግሞ ተወጥሮ ይፈነዳል። ደጅ የዋለ የጎማ ፊኛ ወዘናው ጠፍቶ እንደ ቬልቬት መደብዘዙ የአየሩ ኦክሲጅን ጎማውን ስለሚያረጀው እንጂ ዕቃው የተበላሸ ስለሆነ አይደለም።

ሂሊየም ለምን እንዲህ እንደሚወደድ ለመረዳት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በምድር ውስጥ ያለው ሂሊየም ከሞላ ጎደል በሙሉ ዩራኒየምና ቶሪየም በሚሊዮኖችና በቢሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ሲፈራርሱ የተፈጠረ ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ተቀላቅሎ አለት ሥር ታስሮ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በዴክስተር ከተማ የተቆፈረ የጋዝ ጉድጓድ ሊመረቅ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ፣ የሚነድ የድርቆሽ ክምር ወደ ጋዙ ቢቀርብም ጋዙ እሳቱን አጠፋው እንጂ አልነደደም። ሁለት የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች፣ ሃሚልተን ኬዲና ዴቪድ ማክፋርላንድ፣ ጋዙን መርምረው በ1905 ከውስጡ 2 በመቶ የሚጠጋው ሂሊየም መሆኑን አገኙ። እስከዚያ ድረስ ሂሊየም እ.ኤ.አ. በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የታየ፣ በ1895 ደግሞ ዊልያም ራምሴ ከማዕድን ውስጥ በጥቂቱ ያወጣው ብርቅ ነገር ነበር።

ዛሬ የዓለም ሂሊየም በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካና ከቀጠር ስለሆነ፣ አንዱ ሲነካ ዋጋው በየአገሩ ይናወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጎረቤቶቿ በቀጠር ላይ የንግድ እገዳ ሲጥሉ የሂሊየም ፋብሪካዎቿ ለጊዜው ቆመው ነበር። በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ የተገነባው የአሙር ፋብሪካ በ2021 እና በ2022 በእሳትና በፍንዳታ ተጎዳ። የአሜሪካ መንግሥትም በቴክሳስ አማሪሎ አጠገብ ለአሥርተ ዓመታት የያዘውን የሂሊየም ክምችት በ2024 ለግል ኩባንያ ሸጧል። በታንዛኒያ የስምጥ ሸለቆ፣ በሩክዋ አካባቢ፣ ከፍተኛ ሂሊየም መኖሩ በ2016 ይፋ መሆኑ ለምሥራቅ አፍሪካ ተስፋ ሰጪ ዜና ነው፤ ኢትዮጵያ ግን ሂሊየም ስለማታመርት እዚህ ያለው ሲሊንደር ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። ይኸው ጋዝ ፈሳሽ ሆኖ በ269 ዲግሪ ከዜሮ በታች የኤምአርአይ መመርመሪያን ማግኔት የሚያቀዘቅዝ ሲሆን፣ ከፊኛ የወጣው ግን ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ በመጨረሻም ከምድር ከባቢ አየር አምልጦ ወደ ሕዋ ይሄዳል። ለአንድ ምሽት ጣሪያ ማስጌጫ በመቶ የሚቆጠር የሂሊየም ፊኛ መሙላት የሚከብደኝ ይህን ሳስብ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሃይድሮጂን ነው። ሃይድሮጂን ከሂሊየም የሚበልጠው በማንሣት ጉልበት 8 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የሚመረጠው በርካሽ ስለሚገኝ ነው። ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከ4 እስከ 75 በመቶ በሆነ በየትኛውም መጠን ይቀጣጠላል፤ ለማቀጣጠልም እጅግ ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል፤ ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 2012 በአርሜኒያ ዋና ከተማ በየሬቫን በተካሄደ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ፣ በሚቀጣጠል ጋዝ የተሞሉ ፊኛዎች በአንዴ ነደው ከ100 በላይ ሰዎች ቆስለዋል። ያ የሆነው ሜዳ ላይ ነው። በእኛ ቤት ልደት ሲከበር ኬኩ ላይ ሻማ ይለኮሳል፣ ጥግ ላይ ቡና ይፈላል፣ ከሰሉ ይግላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ፊኛዎቹም ሪባናቸውን ዘርግተው ከዚያው በላይ ይሰበሰባሉ። የፊኛውን ጋዝ በማየትም በማሽተትም መለየት አይቻልም። ስለዚህ ገዢው የሚሞላበትን ሲሊንደርና ጽሑፉን ማየት፣ ከሌላው ሻጭ እጅግ ወርዶ የተጠራ ዋጋ ሲሰማ መጠራጠር፣ ሲሊንደር ሳይኖር በበርሜል ወይም በጀሪካን ውስጥ እየተዘጋጀ ከሚሞላ ሰው ፈጽሞ አለመግዛት አለበት።

ሂሊየም አይነድም፤ ነገር ግን ከሲሊንደር ላይ በቀጥታ ለቀልድ የሚሳብ ሂሊየም በግፊቱ ሳንባ ሊቀድ፣ ኦክሲጅን በማሳጣትም ሊገድል ይችላል። የፈነዳ የጎማ ፊኛ ቁራጭም በሕፃን ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይዘጋልና ወዲያው መለቀም ይኖርበታል።

ፊኛ ወደ ሰማይ መልቀቅ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ክሊቭላንድ እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1986 ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ፊኛዎች ባንድ ጊዜ ተለቀው፣ መጥፎ አየር መልሶ ከተማዋና ኤሪ ሐይቅ ላይ አወረዳቸው፤ በሐይቁ ላይ የጠፉ ሁለት ዓሣ አጥማጆችን ሲፈልጉ የነበሩ ሰዎች ሥራ በተንሳፋፊዎቹ ፊኛዎች ተስተጓጎለ፣ ሁለቱም በኋላ ሞተው ተገኙ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከ2021 ጀምሮ ሆን ብሎ ፊኛ መልቀቅን በሕግ ከልክለዋል፤ በቨርጂኒያ ቅጣቱ በእያንዳንዱ ፊኛ 25 ዶላር ነው። ለምረቃ ወይም ለሙት ዓመት መታሰቢያ በፓርክ ውስጥ ፊኛ ለመልቀቅ የሚያስብ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ለቤት ድግስ እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ቅስቱ፣ የግድግዳው ጌጥና የጠረጴዛው ዓምድ በፓምፕ አየር ይነፋ፤ ከሁለት ቀን በፊት ቢዘጋጅም አይጎዳም፣ ዋጋውም የፊኛውና የሰዓቱ ብቻ ነው። ሂሊየም ካስፈለገ በልጁ ወንበር ላይ ለሚታሰሩት ለአምስት ስድስት ፊኛዎች ይሁን፤ እነርሱም 30 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሁኑ፣ ድግሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆነም ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይሞሉ። ድግሱ ሲያልቅ የፎይሉን ቁጥር ቀድዶ መጣል አያስፈልግም። በአፉ በኩል ቀጭን የጭማቂ መምጠጫ ቀስ ብሎ ሲገባ ራሱን የሚዘጋው ክዳን ይከፈታል፤ ከታችኛው ጫፍ ጀምሮ እየተጠቀለለ ሲጫኑት ጋዙ ይወጣል። ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው 5 ቁጥር ታናሽየው አምስት ዓመት ሲሞላት እንደገና ይነፋል።